የሞተ ይነሳል

በኮንትራ ዓለም አቅጣጫው አንድ ነው፤ ወደ ቀኝ። አልፎ አልፎ ሽቅብ መውጣትና ምሽግ ውስጥ መግባት አለ እንጂ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ያለፍከው ጫካ በስክሪኑ ግራ ጠርዝ ወጥቶ ሄዷል፤ ዕቃ ረስቼ ነው ብትል ሰሚ የለህም። ጨዋታው ሲጀምር ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን የሆኑ ሁለት ፈርጣማ ጎረምሶች ጠመንጃ ይዘው ዱብ ይላሉ። ገና እግራቸው መሬት ከመርገጡ ጠላት እየሮጠ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ለምን፣ ከማን ጋር፣ በምን ተጣልተን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር መልሱን ሳይሰማ ይሞታል። እኛም አልጠየቅንም። ሮጥን፤ ተኮስን፤ ሞትን።

የጠየቁት የምንጫወትበት ቤት ልጅ፣ የባለ ጌሙ፣ አያት ብቻ ነበሩ። ከኋላችን ተቀምጠው እንዝርታቸውን እያሾሩ ነገሩን በትዕግሥት ከመረመሩ በኋላ፣

«እነዚህ ልጆች ሸሚዝ የላቸውም?» አሉ።

«ቆላ ነው እማማ፤ ይሞቃል።»

«ስንቃቸውስ?»

እዚህ ላይ መልስ ጠፋ። ጠመንጃ አይተናል፣ ቦምብ አይተናል፣ ስንቅ ግን አላየንም። እሳቸው ደግሞ በዕድሜያቸው በሶ በጥብጠው፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ስንት ዘማች የሸኙ ሰው ናቸው። «ስንቅ ያልያዘ ዘማች ሦስት ቀን አይቆይም» ብለው ፈረዱ። የተሳሳቱት በመጠኑ ብቻ ነው፤ የእኛ ዘማቾች ሦስት ደቂቃም አይቆዩም ነበር።

ታሪኩን ብናውቀው ኖሮስ? ብዙም አይጠቅመንም ነበር፤ እሱ ራሱ እንዳገሩ ይለዋወጣልና። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀበሉኝ።) የጃፓኑ ኮናሚ ኮንትራን መጀመሪያ በ1987 በሳንቲም ለሚሠሩ ትልልቅ የመጫወቻ ማሽኖች አወጣው። በ1988 ደግሞ ለኒንተንዶ የቤት መጫወቻ አዘጋጀው፤ ዓለም የሚያስታውሰው ይኼኛውን ነው። ለጃፓኖች የተነገረው ታሪክ በ2633 ዓ.ም ኒውዚላንድ አጠገብ ባሉ ጋሉጋ በሚባሉ ደሴቶች ላይ ሬድ ፋልከን የተባለ ድርጅት መሽጓል የሚል ነው። አሜሪካኖች ይህን ያህል ዘመን የሚጠብቁበት ትዕግሥት አልነበራቸውም መሰለኝ፣ ያንኑ ጦርነት ወደራሳቸው ዘመንና ወደ ደቡብ አሜሪካ ጫካ አመጡት። አውሮፓ ውስጥ የወጣው የ1990 እትም ደግሞ ሰዎቹን ጭራሽ አስወጥቶ በሮቦት ተካቸው፤ ስሙንም ፕሮቦቴክተር አለው። ጀርመን ውስጥ ልጆች የሚያዩትን ነገር የሚቆጣጠረው አካል ጥብቅ ነበርና፣ ሮቦት ሮቦትን ቢፈጅ ቅር የሚለው አልነበረም።

የጎረምሶቹ ስም ቢል እና ላንስ ነው። ይህን ያወቅሁት ጎልምሼ ነው። በሰፈራችን ሰማያዊ ሱሪ የለበሰው ኮማንዶ፣ ቀይ የለበሰው ራምቦ ይባል ነበር፤ ሁለቱንም ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስላየናቸው መለየት አላቃተንም። ሥዕሉን የሠሩትም ሰዎች ቢሆኑ ከአርኖልድ ሽዋዜኔገርና ከሲልቬስተር ስታሎን ፊልሞች ርቀው የሄዱ አይመስለኝም። መጨረሻ ላይ የሚመጡት አስቀያሚ ፍጡራን ደግሞ ኤሊየን ከተባለው ፊልም ሳያስፈቅዱ የተዛወሩ ናቸው።

ወደ እኛ የደረሰው ግን ኒንተንዶ አልነበረም። ኒንተንዶ ፋሚኮም የተባለውን መጫወቻውን በ1983 ጃፓን ውስጥ ከሸጠ በኋላ የታይዋንና የቻይና ፋብሪካዎች አንጀቱን ገልብጠው፣ ልብሱን ቀይረው ለተቀረው ዓለም አከፋፈሉት። ሩሲያ ውስጥ ዴንዲ፣ ፖላንድ ውስጥ ፔጋሰስ ተባለ። የእኛው ካርቶኑ ላይ የሆነ ስም ነበረው፤ ያነበበው ግን የለም። ከመርካቶ ይገዛል፤ ስሙ ቲቪ ጌም ነው፤ አለቀ።

ከቲቪ ጌሙ ጋር የሚመጣው ካሴት ራሱን የቻለ የንግድ ጥበብ ነበር። ላዩ ላይ 9999 ጌም ይላል። በዝርዝሩ ላይ እየወረድክ ስትሄድ ማሪዮ፣ ታንክ፣ ኮንትራ፣ ዳክዬ አደን እያለ ጥቂት ይራመድና ተመልሶ ማሪዮ ይላል፤ ይኼኛው ማሪዮ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ይዘላል። ኮንትራም እንዲሁ ነው፤ ከጫካው የሚጀምር ኮንትራ አለ፣ ከፏፏቴው የሚጀምር ኮንትራ አለ፣ መሣሪያ ይዞ የሚጀምር ኮንትራ አለ። ባለ ጌሙ ግን ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጌም አለኝ ብሎ ትምህርት ቤት ውስጥ ይምል ነበር፤ ቆጥሮ የሚያጋልጠው ስላልተገኘ ሀብቱ ጸና። ካሴቱ እምቢ ሲል ተነቅሎ አፉ ላይ እፍ ይባልበታል። ይህን ከሞስኮ እስከ ሳኦ ፓውሎ ያለ ልጅ ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ያደርገው ነበር፤ ኒንተንዶ ራሱ ግን የአፍ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋልና ተዉ ብሎ መክሯል። የሚያድነው ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነበር። እፍታው ለነፍስ ነው።

የባለ ጌሙ እናት ከሥራ ሲገቡ ሰላምታቸውን ከማቅረባቸው በፊት እጃቸውን ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ያሳርፋሉ። ቴሌቪዥኑ ከጋለ ጥፋተኛ ነን። ቲቪ ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል የሚለው እምነት በየቤቱ የጸና ስለነበር፣ እሳቸው ሊመጡ ሲሉ በደብተር የምናራግብበት ጊዜ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ዜና አለ፤ ያኔ ዜና ይግባኝ የለውም። ከሁሉ የሚከፋው መብራት ነው። ኮንትራ የደረስክበትን የሚያስቀምጥበት ማኅደር የለውም። መብራት ከሄደ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ብትሆንም ተመልሶ ሲመጣ ጫካው መጀመሪያ ላይ ነህ፤ እዚያው ዛፍ ሥር፣ ያው ወታደር እየሮጠብህ። ሰፈሩ በሙሉ «ኧረ!» ሲል ጎልማሶቹ ስለ ምጣድ ነው፤ እኛ ስለ ጋሉጋ ነበር።

የቤቱ ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረው፤ የሞተ ይነሳል። የሚነሳው ከሶፋው ነው። የተሰጡትን ሦስት ነፍሶች የጨረሰ ሰው ጆይስቲኩን ለተረኛው አስረክቦ በሩ አጠገብ ካሉት ተራ ጠባቂዎች ኋላ ይቆማል። ጨዋታው በራሱ ቸርነት «ትቀጥላለህ ወይ» ብሎ ይጠይቃል፤ የቤቱ ሕግ ግን ይህን ቸርነት አይቀበለውም። ከሕጉ ነጻ የሆነው ባለ ጌሙ ብቻ ነው፤ እሱ ሞቶም አይነሳም፣ ቤቱ የእናቱ ነውና። ሰማያዊውም የእሱ ነው። የቀረነው በተራ በተራ ቀዩን ሆነን እናልፋለን።

ማለፉም ፈጣን ነበር። ኮንትራ ውስጥ ቁስለኛ የለም። አንዲት ጥይት፣ አንድ ንክኪ፣ አለቀ፤ ጎረምሳው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ይዘረጋል። ሲመለስ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ድርግም እያለ ምንም አይነካውም፤ ያቺ ጊዜ ታልፍና እንደገና ሟች ይሆናል። ጭካኔው ግን ሞቱ ላይ አይደለም። ስትሞት የያዝከው ምርጥ መሣሪያ ይወሰድብህና በዚያች ጠብ ጠብ በምትል ጠመንጃ ትመለሳለህ። ጠላት የበረታብህ ቦታ ላይ ትሞታለህ፣ እዚያው ቦታ ላይ ደካማ ሆነህ ትነሳለህ፤ ስለዚህ ደግመህ ትሞታለህ። ከዚህ የከፋ የብድር አሠራር ያየሁት ጎልምሼ ነው።

ታዲያ ምኑ ደስ ይላል? ይህን የጠየቀኝ የእህቴ ልጅ ነው። እሱ የሚጫወተው በ2024 እንደ አዲስ የተሠራውን ኮንትራ ነው፤ እዚያ ላይ ከፈለግህ የጤና መስመር ታስገባለህ፣ ስትመታ አትሞትም፣ ትቀንሳለህ።

«አጎቴ፣ አንዴ ተመትቶ መሞት ምን ደስ ይላል?»

«አለመሞቱ ነው ደስ የሚለው» አልኩት።

አልገባውም፤ አልፈርድበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። የጠላት ጥይት በኮንትራ ዝግ ያለ ነው፤ ክብ ነጭ ነጥብ ሆኖ ሲመጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሞት በፊትህ ተጽፎ፣ ጊዜ ተሰጥቶህ የምትቀበለው ሞት ነው። መድኃኒቱም በእጅህ ነው፤ ትተኛለህ፣ በላይህ ያልፋል። ትዘላለህ፣ ጎረምሳው አየር ላይ ተጠቅልሎ ድቡልቡል ይሆናል፣ በሥርህ ያልፋል። ጫካው ውስጥ ያለው ውኃ ላይ ከሆንክ ወደ ታች ስትጫን ጠልቀህ ትሰወራለህ፣ ጥይቱ በራስህ ላይ ያፏጫል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ እየሮጥክና ወደ ፈለግህበት አቅጣጫ እየተኮስክ ነው። ሦስት ጥይት ከሦስት አቅጣጫ መጥቶ በመካከላቸው ባለችው ቀዳዳ ሾልከህ ስታልፍ ከሆድህ የሚወጣ ሳቅ አለ። ቀልድ የሰማ ሰው ሳቅ አይደለም፤ ከላዳ ሥር ተርፎ የወጣ ሰው ሳቅ ነው። የጤና መስመር ያለው ሰው ይህን ሳቅ አይስቅም። በ2017 የወጣውና ሁለት የካናዳ ወንድማማቾች በእጅ እየሣሉ የሠሩት ከፕሄድ እንኳ፣ በክፋቱ ስሙ የገነነው፣ ሦስት ጊዜ እስክትመታ ይታገሥሃል።

ሌላው ምስጢር ማጥናት ነው። ሯጮቹ ወታደሮች እንደ ፈቀዳቸው ይመጣሉ እንጂ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታ አለው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ያደፈጠው ተኳሽ፣ ከመሬት ብቅ የሚለው መድፍ፣ ስትረግጠው የሚፈነዳው ድልድይ፣ ሁሉም ነገም እዚያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ተጫዋች ማለት ዓይኑ የፈጠነ ሳይሆን ቃሉ የጸና ነው። የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያምን በቃሉ እንደሚያወጣው፣ እኛም ጫካውን መስመር በመስመር፣ በጥይት እየታረምን፣ ቆመን እንወጣው ነበር። ተራ ስንጠብቅ እንኳ ከበሩ ሆነን በአንድ ድምፅ እንለው ነበር፤ «አሁን ተኛ! ዝለል! ድልድዩ ነው! ሩጥ! ቁጥቋጦው!» ዛሬ አንድም ጊዜ ሳይሞቱ ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚጨርሱት ሰዎች አሉ። አይቻቸዋለሁ፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። ከእኛ ቤት አንዱም እንዲህ ያለ ፊት አልነበረውም።

ፊት ብቻም አይደለም። ኮንትራን የምንጫወተው በሁለት አውራ ጣት ነው ቢባልም ሰውነት በሙሉ ይዘምታል። ጎረምሳው ሲዘል ጆይስቲኩ ከነእጃችን ወደ ጣሪያ ይነሳል፤ ሽቦው አጭር ስለሆነ ቲቪ ጌሙ ከጠረጴዛው ተጎትቶ ይወድቃል፤ ይህም በሕጉ መሠረት ሞት ነው። ጥይት ከላይ ሲመጣ አንገት ይሰበራል። ምላስ የሚያወጣ አለ። ትንፋሹን ይዞ ደረጃውን የሚጨርስ አለ። የባለ ጌሙ አያት ይህን አይተው «ጦርነቱስ እዚህ ነው» ብለው ነበር።

«ጥይቱ አልታየኝም» ደግሞ የሟቾች ሁሉ የጋራ ቃል ነበር። ማንም አያምንም፤ ውሸታም፣ ተነስ! ተብሎ ይባረራል። ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን መጫወቻ አሠራር ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ፋሚኮም በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ምስል መሣል አይችልም። ከዚያ ሲበዛ አንዱን እያጠፋ አንዱን እያበራ ያፈራርቃቸዋል። ሁለት ጎረምሶች፣ አምስት ወታደር፣ ደርዘን ጥይት ባንድ ረድፍ ሲደረደሩ አንዳንዱ ጥይት እውነትም ለቅጽበት አይታይም፤ ግን አለ፣ ይገድላል። ስለዚህ በዚያ ሶፋ ላይ በሐሰት ተፈርዶባቸው የተነሱ ንጹሐን አሉ። ዛሬ ይግባኝ ቢሉ ማስረጃው አለ፤ ችሎቱ ግን ተበትኗል፤ ገሚሱ ዋሽንግተን፣ ገሚሱ ዱባይ ነው።

መሣሪያውን ሳላወራ አላልፍም። በሰማይ የምትበር እንክብል ነገር ስትመታ አንድ ፊደል ትጥላለች። ኤም መትረየስ ነው፤ ጨዋ መሣሪያ። ኤፍ እሳት ነው፤ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ዒላማውን ሲያገኝም አጋጣሚ ይመስላል። ኤል ሌዘር ነው፤ ኃይለኛ ነው ይባላል፤ ችኩል ጣት ያለው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሲጫን የፊተኛውን ጨረር ራሱ ይቆርጠዋል፤ እኛ ውስጥ ችኩል ጣት የሌለው አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን ኤስ አለ። ኤስ አንዴ ሲተኮስ አምስት ጥይት ሆኖ ይበተናል፤ ስክሪኑን ይጠርጋል። ኤስ ያገኘ ልጅ ድምፁ ይጎረንናል። ትልቁ ጥንቃቄ ኤስ ይዘህ ሳለ ኤልን እንዳትረግጥ ነው፤ ከረገጥክ ይቀየርብሃል። «ኤሉን አትንካው!» ብለው በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ ሲጮኹ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። ኤስ ሲወድቅ ግን ጩኸት የለም፤ ሁለቱ ጎረምሶች ጠላትን ትተው ወደ ፊደሉ ይሮጣሉ። ባለ ጌሙ ቀድሞ ካነሳው ዕድል ነው፤ እኔ ካነሳሁት ስግብግብነት ነው።

እንግዲህ ፏፏቴው ላይ ደረስን። ሦስተኛው ደረጃ ሽቅብ ነው፤ ከፏፏቴው ጎን ካሉት ድንጋዮች ካንዱ ወደ ሌላው እየዘለልክ ትወጣለህ። በጫካው ጊዜ አንዱ ቢዘገይ ስክሪኑ አይንቀሳቀስም፤ ፈጣኑ ተናድዶ ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ ግን ሕጉ ተገላቢጦሽ ነው። ላይ ያለው ሲዘል ስክሪኑ አብሮት ይወጣል፤ ታች የቀረው ከስክሪኑ በታች ይሆናል፤ ከስክሪኑ በታች ያለ ሰው ደግሞ ሞቷል። ጥይት አልነካውም፤ ወዳጁ ነው ወደ ላይ የወጣበት።

ስለ ሰው ጠባይ ከብዙ መጽሐፍ የተማርኩትን ፏፏቴው ላይ ባየሁት እመዝነዋለሁ። «ቆይ፣ አብረን» ብሎ ድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ ጥይት እየወረደበት፣ ጓደኛው እስኪዘል የሚጠብቅ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ዕቁብ ስንጥል ዳኛችን እሱ ነው። «አላየሁህም» የሚል ነበር፤ ስክሪኑ ከሶፋው ሁለት ክንድ አይርቅም፣ ማንን ነው ያላየው? «በራስህ ነው የዘገየኸው» የሚልም ነበር፤ እሱ ሹመት አግኝቷል። ቀዩን ለሆነ ልጅ ፏፏቴው የተለየ ፈተና ነበረው፤ ባለ ጌሙን ብትቀድመው ትገድለዋለህ፣ ከገደልከው ደግሞ እሱ አይነሳም፤ አኩርፎ አንተን ያስነሳሃል። ስለዚህ ከቀዮቹ መካከል ብልሆቹ ከሰማያዊው አንድ ድንጋይ ዝቅ ብለው መውጣትን ለመዱ። ለእኔ የኮንትራ ዋናው ደስታ እዚህ ነው ያለው። ብቻህን ስትጫወተው ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ከጎንህ አንድ ሰው ሲኖር ግን በየዝላዩ ትታማለህ፣ ትመሰገናለህ፣ ዕዳ ትገባለህ፣ ትከፍላለህ።

ኮዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሌላ ሰፈር የመጣ አንድ ልጅ በብዙ ብይ ሸጠልን፤ ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። የጨዋታው ስም ገና ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ይህን በጥድፊያ ከተጫንክ ሦስት የነበረው ነፍስ ሠላሳ ይሆናል። አላመንነውም። ሞከርነው። የሞትነው ሁሉ እንደገና ሞትን፤ ነፍስ አላለቀም። እማማ እንኳ እንዝርቱን አቁመው አዩ።

የኮዱ ባለቤት ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የተባለ የኮናሚ ባለሙያ ነው። በ1986 ግራዲየስ የተባለውን የጠፈር መርከብ ጨዋታ ለቤት መጫወቻው ሲያዘጋጅ፣ መፈተን ነበረበት፤ ጨዋታው ግን ለእሱም ከበደው፣ ደጋግሞ ሞተ። ስለዚህ ለራሱ መከታ እንዲሆነው፣ በቀላሉ የሚያስታውሳትን ቅደም ተከተል አስገባ፤ እሷም ውስጡ እንዳለች ለገበያ ወጣች። ከዚያ በኋላ ኮናሚ በብዙ ጨዋታዎቹ ውስጥ አኖራት፤ በጣም የታወቀችው ግን ኮንትራ ውስጥ ነው። ሰውየው በ2020 ሲያርፍ በየአገሩ ያሉ ሽበታሞች እነዚያን አሥር ምልክቶች በቃላቸው እየጻፉ ተሰናበቱት። የሠራውን ጨዋታ መጨረስ ያቃተው ሰው መኖሩን ባውቅ ኖሮ ያኔ ስንት ስድብ በቀረልኝ!

ኮዱ ግን የቤቱን ሕግ አናጋው። የሞተ ይነሳል የሚለው አንቀጽ የተጻፈው ለባለ ሦስት ነፍሶች ነው። ሠላሳ ነፍስ የያዘ ሰው እስኪሞት በሩ ላይ ያለው ተረኛ ጢም ያወጣል። ሟቾችም ሰነፉ፤ ድሮ ትንፋሽ ይዞ የሚያልፍበትን ቦታ አሁን በሬሳው እየተረማመደ የሚያልፍ ሰው በዛ። ሳቁ ቀነሰ፤ ይህን አልክድም። ግን ያላየነውን አገር አሳየን። በረዶው ሜዳ፣ እሳት የሚተፋው ፋብሪካ፣ ሾል ያሉ ብረቶች የሚወርዱበት መጋዘን፣ በመጨረሻም ግድግዳው ሥጋ የሆነ ስምንተኛው ደረጃ። እዚያ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው፣ ለዚህ ሁሉ ጥፋት ተጠያቂው ፍጡር፣ አንድ ትልቅ ልብ ነው። እጅ የለውም፣ እግር የለውም፤ ይመታል፣ ይመታል።

ባለ ጌሙና እኔ ነበርን። ለእኔ አንዲት ነፍስ ቀርታኛለች፤ ለእሱም ከአንዲት አትበልጥም። ልቡን መታነው። ፈነዳ። ሄሊኮፕተር ተነስታ ስትርቅ ደሴቲቱ ከኋላዋ በእሳት ተናወጠች፤ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተጻፈ፣ እኛም ምርቃት ነው ብለን ተቀበልነው። ጩኸቱ አጥር ተሻገረ። እናትዮዋ ከማድ ቤት ብቅ ብለው «ምን ሆናችሁ?» አሉ። ዓለምን እንዳዳንን ተነገራቸው። «ጎሽ» አሉና ዜናው ሊደርስ እንደሆነ አስታወሱን።

ከዚያ ነው ችግሩ የመጣው። በሩ ላይ ያለው ተረኛ ወደ ፊት መጥቶ እጁን ዘረጋ።

«ተነስ፤ አለቀ።»

«አልሞትኩም» አልኩት።

«ጨርሰሃል እኮ!»

«የሞተ ይነሳል ነው የሚለው። የጨረሰ ይነሳል አይልም።»

ሕጉ እውነትም ስለ አሸናፊ ዝም ይላል፤ ሲወጣ አሸናፊ ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ባለ ጌሙ የሚፈርደው ጠፋው፤ እሱን ራሱን የማይነካ ጉዳይ ሲመጣ ፍርድ አይሆንለትም። እማማ ተጠየቁ፤ «ዘማች ድል አድርጎ ሲመለስ ይቀመጥና ይበላል እንጂ ተነስ ይባላል እንዴ?» ብለው በእኔ ወገን ቆሙ። በሩ አካባቢ ያሉት እሳቸው ዳኛ አይደሉም አሉ። እኔ ቆሜ ስከራከር፣ ባለ ጌሙ ቆሞ ሲያስታርቅ፣ ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ስታርትን ተጫነ። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ጠፍቶ ጫካው ተመለሰ። ኮንትራ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰማያዊውና ቀዩ ከሰማይ ዱብ አሉ፤ ጆይስቲኮቹ ሶፋው ላይ ናቸው፤ የመጀመሪያው ወታደር ከቀኝ እየሮጠ መጣና ተራ በተራ ገጫቸው።

«ተነሱ!» አለ ቤቱ በሙሉ።